ከአያ ሰይድ ጋር የወለወልናቸው ጠመንጃዎች

ከመሣሪያ ግምጃ ቤት በጡረታ የተሰናበትኩ ለት አንድ ወጣት መቶ አለቃ እጄን ጨብጦ «አባባ፣ በሥራ ዘመንዎ ሁሉ በጣም የሚኮሩበት ሥራ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በአዳራሹ የተሰበሰበው ሰው አንድ ትልቅ ነገር እስክናገር ጠበቀ። እኔ ብዙም ሳላስብ «የጠመንጃ ሆድ መወልወል» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መቶ አለቃውም ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነው። የምሬን ነበር። ያን ቀን ቆሜ ላስረዳቸው ጊዜ አልነበረም፤ አሁን ጊዜ አለኝና ልጻፈው።

የጠመንጃ ሆድ የምለው ጥይት የሚያልፍበትን ቱቦ ውስጡን ነው። ላላየው ሰው ልሙጥ ይመስለዋል። ልሙጥ አይደለም። ከኋላው ጀምሮ እስከ አፈሙዙ እንደተገመደ ገመድ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ቀጫጭን ቦዮች አሉት። ጥይቱን አሽከርክረው ቀጥ አድርገው የሚሰዱት እነሱ ናቸው። ቦዮቹ ያለቁበት ጠመንጃ ይጮሃል እንጂ አይመታም። ዝገት ይበላቸዋል፤ ዕድሜ ይበላቸዋል። በኔ ዘመን ያየሁት ግን፣ ከዝገትም ከዕድሜም የበለጠ ጠመንጃ የጨረሰው ላጸዳ ብሎ የተነሳ ሰው ነው።

የተወለድኩት ኩታበር ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እኔንም ለድቁና አስበውኝ ነበር። ድምፄ ለዜማ እንደማይሆን ግን እሳቸውም እኔም ሳንነጋገር አወቅነው። ጎረምሳ ስሆን ሥራ ፍለጋ ደሴ አጎቴ ዘንድ መጣሁ። አጎቴ አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ነበረው፤ እንደ ልጁ ይወደዋል። በዓል በመጣ ቁጥር ውስጡን በአመድ እያሸ እንደ መስተዋት ያብለጨልጨዋል። በኋላ ጠመንጃው የተተኮሰበትን ሁሉ መሳት ሲጀምር፣ ዛሬ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሠፈር ወዳለ ባለሙያ ይዤለት እንድሄድ ላከኝ።

ባለሙያው አያ ሰይድ ነበሩ። የቢስቲማ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ታጁራ ወደብ ድረስ ወርደው፣ እዚያ ከአንድ የመን አገር ጠመንጃ ሠሪ ሙያውን ተምረው ተመልሰዋል። ረዥም፣ ጠይም፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። የኋላ መዝጊያውን አውጥተው ቱቦውን ወደ ብርሃን አነሱና ተመለከቱት።

«የማን ነው?»

«የአጎቴ።»

«አጎትህ ይወደዋል?»

«ኧረ በጣም!»

«በፍቅር ጨርሶታል። ና፣ አንተም እየው።»

አየሁት። ያበራል፤ ግን እንደ ሸንበቆ ውስጥ ልሙጥ ነው። ከዚያ ከግድግዳው ሌላ ጠመንጃ አውርደው ሰጡኝ። እንደዚያ ያለ ነገር በብረት ውስጥ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ብርሃኑ በቦዮቹ ላይ እየተጠመዘዘ፣ ቀለበት በቀለበት ላይ እየተደረበ እስከ ጫፉ ይሄዳል። አንድም ጥቁር ነጥብ የለበት። ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ ቢያስተምሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ቀና ብለው አይተውኝ «እጅህን ታጠብ» አሉኝ። የሥራ ዘመኔ የተጀመረው በዚህች ቃል ነው።

ያኔ ብረት የሚነካ ሰው አይከበርም። ቀጥቃጭ ይባላል፤ ልጁንም የሚድርለት የለም። አባቴ ወሬው ሲደርሳቸው ሊመልሱኝ ከኩታበር በበቅሎ መጡ። አያ ሰይድ ከደጅ ወጥተው ተቀበሏቸው፤ ፍራሽ አነጠፉላቸው። አባቴ ቁጣቸውን እንደያዙ ተቀምጠው ስንሠራ ሲያዩ ዋሉ። ዘንጉን በገፋን ቁጥር ስንጠርግ፣ ጨርቁን ስንለውጥ፣ እጃችንን ስንታጠብ አዩ። ሲሄዱ አያ ሰይድን «ልጄን አደራ» ብቻ አሏቸው። ለእኔ ደግሞ በቅሎዋ ላይ ሆነው «እኔ ከምቀድስበት ጨርቅ የአንተ ጨርቅ ነጣ እኮ» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ በኋላ በሥራዬ ያፈረ ዘመድ ቢኖርም አባቴ አልነበሩበትም።

አሁን ስለ ሥራው ልናገር። አያ ሰይድ ሲያስተምሩ ምክንያቱን ሳይነግሩ ምንም አያሠሩም ነበር። ዘንጉ የናስ ይሁን ይላሉ፤ ናስ ከጠመንጃው ብረት ስለሚለሰልስ ቢነካካው ራሱ ይፋቃል እንጂ ቦዩን አይፍቀውም። የብረት ዘንግ ያለው ሰው ጠላቱን በኪሱ ይዞ እንደሚዞር ነበር የሚያዩት። ዘንጉ ሁልጊዜ ከኋላ በኩል ይግባ። ከአፈሙዙ የሚወለውል ሰው በገፋና በሳበ ቁጥር የአፉን ጠርዝ ይሞርደዋል፤ ጥይቱ ጠመንጃውን የሚሰናበተው ደግሞ እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ትንሽ ከተዛባ መንገዱ ሁሉ ይዛባል። እጀታው ልቅ ይሁን፤ ዘንጉ ከቦዮቹ ጋር አብሮ ይዙር፤ አንተ አትታገለው። ጨርቁ ጠበቅ ይበል፤ ግን ሁለት እጅ እስኪያስፈልገው አይሁን።

ከሁሉ የሚገርመኝ የውሃው ነገር ነበር። አገሬው ጠመንጃውን ከተኮሰ በኋላ በቅቤ አሽቶ ይሰቅላል፤ በሳምንቱ ሲያየው ዝጎ ያገኘዋል። ሰው ቅቤውን ያማርራል። አያ ሰይድ ግን ጥይቱን የሚለኩሰው ነገር ሲነድ ጨው እንደሚተው ያውቁ ነበር። ጨው በስብ አይለቅም፤ በውሃ ነው የሚለቀው። ስለዚህ መጀመሪያ በሚፋጅ ውሃ ያጥቡታል። ውሃው መፋጀት ያለበት ብረቱ ራሱ ሞቆ ራሱን እንዲያደርቅ ነው። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ስስ ዘይት። ከመተኮሱ በፊት ደግሞ ያ ዘይት ተጠርጎ ይወጣል። ይሄው ነው። ዛሬ በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ እኔ ግን ከእጃቸው ነው የተቀበልኩት።

የራሳቸው የሆኑ አመሎችም ነበሯቸው። ዘንጉን መሬት ላይ አያስቀምጡም፤ ቢወድቅ እንደገና ካልታጠበ አያስገቡትም። «ቢስሚላህ» ሳይሉ ዘንግ አይነኩም። ሶላት ሲደርስ የጠመንጃውን አፍ በጥጥ ይዘጉና ይነሳሉ፤ ሹምም ቢጠብቅ ይጠብቃል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ቱቦውን ለባለቤቱ ሰጥተው «እይ» ይላሉ። አለቀ አይሉም። ባለቤቱ አይቶ «አለቀ» ካላለ አላለቀም።

ጦርነቱ ሲመጣ ደሴ በወታደር ተሞላች። ከየአገሩ የመጣው ሠራዊት ወደ ሰሜን ሲያልፍ፣ አውሮፕላን ቦምብ ሲጥል፣ እኛ ቤት ውሃ ይፈላል፣ ጨርቅ ይታጠባል። ስንቱን ጠመንጃ እንደሸኘን አላውቅም። ከዚያ ሠራዊቱ ተፈትቶ ተመለሰ፤ ከኋላው ጣሊያን ገባ። መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተባለ። የደበቀ ተሰቀለ። አያ ሰይድ ሱቃቸውን ዘጉና ማረሻና መጥረቢያ መጠገን ያዝን። ጫካ የገቡት ሰዎች ግን ቤታችንን ያውቁት ነበር።

በሥራዬ ሁሉ ትልቁ ሽንፈቴ የደረሰብኝ በዚያን ጊዜ ነው። አያ ሰይድ ለቅሶ ቢስቲማ ሄደው ሳለ፣ አቶ ደምሴ የሚባሉ የኩታበር ገበሬ በማገዶ ሸክም ውስጥ አንድ ምንሽር ጠመንጃ ደብቀው መጡ። ሆዱ ውስጥ የእንጨት መወልወያ ከነጨርቁ ተሰብሮ ቀርቷል። ወንዝ ሲሻገሩ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል። ሰዎቻቸው ተራራው ሥር ይጠብቋቸዋል፤ ገበያው ሳይበተን ከከተማ መውጣት አለባቸው።

ዘይት አፈሰስኩበት። ከኋላ በናሱ ዘንግ ገፋሁት፤ ከፊት ገፋሁት። ጉንጬ እስኪቀላ ነፋሁበት። ቱቦውን በፀሐይ አሞቅኩት። ንቅንቅ አላለም። አቶ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው የገበያውን ድምፅ እያዳመጡ፣ «በል ልጄ፣ በል እንጂ» ይሉኛል። በመጨረሻ ጠመንጃውን ከእጄ ወሰዱት።

«እንዳይተኩሱት፤ ይፈነዳል» አልኳቸው።

«ሌላ የለኝም'ኮ፣ ጌታሁን» አሉና ከማገዶው ውስጥ መልሰው አሰሩት።

ብዙም ሳይቆይ ወሬው መጣ። በኩታበር መንገድ ላይ ተከበው ተኩሰውታል። ቱቦው ተሰንጥቆ ግራ እጃቸውን ወሰደው። ወገኖቻቸው ተሸክመው አወጧቸው። ሄጄ ጠየቅኳቸው፤ እጅጌያቸው ባዶውን ተንጠልጥሎ አየሁት። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እሱ ነው የከበደኝ። አያ ሰይድ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሊያጽናኑኝ አልሞከሩም። አንድ አሮጌ ቱቦ አመጡና እንጨት ቀርቅረው ውሃ አጠጡት። «እንጨቱ ጠጥቶ አብጧል። ያበጠ እንጨት ዘይት አያነሳውም፤ መድረቅ ነው የፈለገው። ቀስ ብሎ፣ በጥላ፣ በነፋስ። ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ያኔ በጣት ይገፋል» አሉኝ። ቱቦውን ከጣሪያው ሥር ሰቅለን ጠበቅን። ሲደርቅ እንዳሉት ሆነ፤ እንጨቱ ያለ ድምፅ ተንሸራቶ ወጣ። አቶ ደምሴ ግን የሚጠብቁበት ቀን አልነበራቸውም። ባውቀውም ኖሮ ጊዜው አይበቃም ነበር። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ያም ሆኖ ያ እጅጌ ከዓይኔ ጠፍቶ አያውቅም።

ጣሊያን ከሕዝቡ የነጠቀውን መሣሪያ ኮምቦልቻ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አንድ መጋዘን ውስጥ አከማችቶ ነበር። ለባንዳ ወታደሮች ሊያድለው ፈለገና ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው አስፈለገው። አንድ ሰው አያ ሰይድን ጠቆመ። ሁለታችንንም በካሚዮን ጭነው የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወሰዱን። ደመወዙ በሊሬ ነበር፤ ስለሱ የምለው የለኝም።

የመጋዘኑ ኃላፊ ማርሻሎ የሚሉት ሽበታም የጣሊያን የበታች ሹም ነበር። አባቱም ጠመንጃ ሠሪ እንደነበር በአስተርጓሚ ነገረን። የብረት ዘንግ ሰጠን። አያ ሰይድ ተቀብለው ወደ ጎን አስቀመጡትና የራሳቸውን ናስ ከመጠቅለያው አወጡ። እኔ አሁን ይቆጣል ብዬ ሰጋሁ። ማርሻሎው ናሱን ወሰደው፤ እጀታውን አሽከረከረው፤ ልቅ መሆኑን ሲያይ ፈገግ አለና በሁለት እጁ መለሰላቸው። የሚያውቅ ሰው ነበር። ማታ ማታ የወለወልነውን እያንዳንዱን ጠመንጃ ከኋላው ነጭ ወረቀት ይዞ በብርሃን ያየው ነበር።

እንዲህ ስንሠራ ቆይተን፣ በመጋዘኑ በር ላይ ዳቦ የሚሸጡት እትዬ ዘሐራ አንድ ቀን መልእክት ይዘው መጡ። ዘበኞቹ ስለለመዷቸው እስከ ሥራ ቦታችን ይገቡ ነበር። ዳቦውን እየቆረሱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ከቦርከና ወንዝ ማዶ ጫካ ያሉት ልጆች ልከውኛል» አሉ። «የጠመንጃዎቹን ሆድ በአሸዋ ፈቅፍቁልን ብለዋል። ባንዳው ቢተኩስብን እንዳይመታን።»

ልቤ ዘለለ። ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ነበር። አያ ሰይድ ግን ዳቦውን ተቀብለው «አልሠራውም በያቸው» አሉ።

እትዬ ዘሐራ ደነገጡ። «ኧረ በነቢ! ልጆቻችን'ኮ ናቸው፣ አያ ሰይድ።»

«አውቃለሁ። አልሠራውም።»

ቀትር ላይ ወንዙ ዳር ወርደን ስንታጠብ ንዴቴን መያዝ አቃተኝ። «ፈርተው ነው?» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም።

«ፈርቻለሁ» አሉኝ። «ሰውዬው በየምሽቱ ያያል። አንድ የተፋቀ ቢያገኝ እኔንም አንተንም በር ላይ ይሰቅሉናል። ግን እሱ አይደለም የከለከለኝ። እነዚህ ጠመንጃዎች የማን ናቸው?»

«የጣሊያን ናቸዋ!»

«ወላሂ አይደሉም! ከወረባቦ፣ ከኩታበር፣ ከየሰው ቤት የተነጠቁ ናቸው። ግማሾቹን አንተው በእጅህ ወልውለህ ለባለቤታቸው ሰጥተሃል። ጣሊያን ያስቀመጣቸው እዚህ ነው እንጂ የሱ አይደሉም። የሚሸከሟቸው ልጆችስ? እነሱም የኛው ናቸው፤ ግማሹ ርቦት፣ ግማሹ ተገዶ የገባ ነው። እኔ ሁለቱም አንድ ቀን ይመለሳሉ ብዬ ነው የምሠራው። ሰው ከሄደበት ይመለሳል፣ ጌታሁን። የተፋቀ ቦይ ግን አይበቅልም።»

አላመንኳቸውም። እውነቱን ልናገር፣ በሥራ ስም ከጠላት ጋር ያስማማቸው መሰለኝ። ከወንዙ ስነሳ አንድ እፍኝ አሸዋ በኪሴ ጨምሬ ገባሁ። ተራው የደረሰው አንድ ለበን ጠመንጃ ነበር። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት። ቀለበቶቹ እስከ ጫፉ ድረስ ሳይጎድሉ ተደርድረዋል። በዚያ ላይ አሸዋ ላፈስስበት ነው? እጄ እንቢ አለኝ። በመስኮቱ በኩል አሸዋውን በትኜ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። አያ ሰይድ አይተውኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ለእትዬ ዘሐራ የሰጧቸው መልስ ይህ ነበር፦ «ጠመንጃውን ለኔ ይተዉልኝ። እነሱ የሚሸከሙትን ሰዎች ያናግሩ።»

መሣሪያው የሚታደልበት ቀን ደረሰ። ምልምሎቹ ሜዳው ላይ ተሰለፉ፤ አለቃቸው ጣሊያን የሙንታዝ ማዕረግ የሰጠው፣ ይማም የሚባል የወሎ ቦረና ልጅ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ የማይነበብ። ማርሻሎው አያ ሰይድን ጠርቶ አያያዙን አስተምራቸው አላቸው። አያ ሰይድ ውሃውን፣ ጨርቁን፣ ዘይቱን ሁሉ በተግባር አሳዩአቸው። ከዚያ አንዱን ጠመንጃ ከፍ አድርገው «ይህ ከአንድ አባወራ ቤት የወጣ ነው» አሉ። «የሰው አደራ እንደያዛችሁ ሆናችሁ ያዙት።»

ማርሻሎው ወደ አስተርጓሚው ዞረ። አስተርጓሚው ትንሽ አመነታና ሁለት ቃል ተናገረ፤ ማርሻሎው በደስታ ራሱን ነቀነቀ። በደንብ ያዙት አላቸው ብሎት መሆን አለበት።

ሙንታዝ ይማም ከሰልፉ ወጣ ብሎ «አያ፣ አደራ ከሆነ ለባለቤቱ ይመለሳል ማለት ነዋ?» ሲል ጠየቀ።

አያ ሰይድ ጠመንጃውን አስረከቡትና «ወሎ ለተወለደ ሰው አደራ ምን እንደሆነ እኔ አላስተምርም» አሉት።

ይማም ተቀብሎ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ዘሐራ ዳቦ የሚሸጡት በኛ በር ብቻ አልነበረም፤ ወደ ምልምሎቹ ድንኳንም መዝለቅ ጀመሩ። ምን እንደሚነጋገሩ አልጠየቅንም። ይማም አንዳንዴ ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል፤ ሆዱን ለአያ ሰይድ ያሳያል፤ «ጥሩ ነው» ሲሉት ይሄዳል።

ዝናቡ ሊገባ ሲል የይማም ጭፍራ ወደ ቢስቲማ የሚሄድ የስንቅ ጭነት እንዲያጅብ ታዘዘ። በጠዋት ተነስተው ሲሄዱ አየናቸው። ከቀትር በኋላ አንድ በቅሎ ነጂ እየሮጠ መጣ። ጭፍራው መንገድ ላይ የነበረውን ጣሊያን መኮንን ትጥቁን አስፈትቶ፣ በቅሎዎቹን ነድቶ፣ ጠመንጃውን እንደያዘ በጠራራ ፀሐይ ወደ ተራራው ወጥቷል። አንድም ሰው አልቀረም። ያን ስሰማ በውስጤ የፈነዳው ደስታ እንዳይታወቅብኝ ፊቴን ወደ ውሃው ድስት አዞርኩ። አያ ሰይድ የጀመሩትን ጠመንጃ ጨርሰው ሰቀሉ።

አመሻሹ ላይ ከደሴ አንድ ካፒቴን መጣና ሁለታችንን አሳሰረን። ምልምሎቹን የሰበከ እዚሁ መጋዘን ውስጥ አለ፤ እነዚህ ሰዎች መሣሪያውንም ሳያበላሹት አይቀሩም ብሎ ነበር። የቀሩት ጠመንጃዎች ሁሉ ይመርመሩ አለ። ማርሻሎው ጠረጴዛ አስወጣና ነጭ ወረቀቱን ይዞ አንድ በአንድ ያይ ጀመር። እኛ እጃችን እንደታሰረ ቆመን እናያለን። ያየውን በስተቀኙ ይደረድራል። ሌላውን ያነሳል። ካፒቴኑ ይንጎራደዳል። ያን እፍኝ አሸዋ አሰብኩት። አያ ሰይድ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለዩ ነበር።

ማርሻሎው የመጨረሻውን አስቀመጠና ለካፒቴኑ በቋንቋቸው ተናገረ። አስተርጓሚው በኋላ ነገረን። «ሊጎዳን የፈለገ ሰው እንዲህ አይሠራም። በኔ አገር እንኳ እንዲህ ንጹሕ አላየሁም» ነው ያለው።

አንገታችንን ያተረፈው ይህ ምስክርነት ነው። እኔን ፈቱኝና መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን እንድሠራ አደረጉኝ። አያ ሰይድን ግን ካፒቴኑ አለቅም ብሎ ደሴ እስር ቤት ወሰዳቸው፤ ክረምቱን እዚያ አሳለፉ። ስንቅ ይዤ ስሄድ አንድ ቀን በአጥር ቀዳዳ አየኋቸው። ከስተዋል፤ አንድ ዓይናቸው በዱላ ብዛት ደፍርሷል። እኔ ማልቀስ ስጀምር «አብሽር» አሉኝ። «ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

«ሁሉም ደህና ናቸው። ከተራራው አልወረዱም።»

«እኔም ደህና ነኝ በቃ» አሉ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ለቀቋቸው። መጋዘን እንዲመለሱ ሲጠየቁ ዓይኔ አይረዳኝም ብለው እንቢ አሉ። ማርሻሎው ሊሰናበታቸው ከደጅ ወጣ። አንድ ጣሳ የጠመንጃ ዘይት በእጃቸው አኖረና ለረዥም ጊዜ አያቸው። ምን እንደሠሩ ገብቶት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሱቁን እንደገና ከፈትን። አንድ ቀን መንገዱ በጭብጨባ ተሞላ፤ አርበኞቹ ከየተራራው ደሴ ሲገቡ ነበር። ከመካከላቸው ጢሙ ደረቱን የመታ ሰው ከሰልፉ ወጥቶ ወደኛ መጣ። ሙንታዝ ይማም መሆኑን ያወቅነው በድምፁ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አያ ሰይድ! ይኸው አመጣሁት፤ ይዩት» ብሎ ጠመንጃውን ዘረጋላቸው።

«ዓይኔ ደህና አይደለም። ጌታሁን፣ እየው» አሉኝ።

አንስቼ አየሁ። ስንት ክረምት ዋሻ ውስጥ ከርሞ፣ ስንት ጊዜ ተተኩሶበት፣ አንዲት ነጥብ ዝገት አልነበረበትም። «እንደሰጠናቸው ነው» አልኩ።

«ብርድ ሊገድለን ሲል ውሃ እናፈላለን» አለ ይማም እየሳቀ። «ልጆቹ ሊጠጡት ሲያሰፈስፉ፣ መጀመሪያ ለሱ! እላለሁ። ስንቴ ረግመውዎታል መሰለዎ! ግን ጥይት እንደ እንቁላል በሚቆጠርበት አገር አንዷንም በከንቱ አልጣልንም።»

አያ ሰይድ በሕይወቴ እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። እጁን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡትና እስኪመሽ ሲያወሩ ዋሉ።

በዚያው ዓመት መንግሥት ደሴ ላይ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሊያቋቁም አንድ ሻለቃ ወደ ሱቃችን መጣ። አያ ሰይድ ኃላፊ እንዲሆኑ ለመናቸው። እሳቸው ደካማ ዓይናቸውን እያሹ በአገጫቸው ወደኔ አመለከቱ። «እሱን ውሰዱ» አሉ።

ሻለቃው ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝ። «ልጅ አይደለም እንዴ? ይችላል?»

«እኔ ስታሰር በጠላት መጋዘን ውስጥ ብቻውን ቀርቶ የሠራ ሰው ነው። እጁ ገብቶበት የተጎዳ አንድ የጠመንጃ ሆድ አሳየኝና ወላሂ እኔ እከፍልሃለሁ» አሉት።

ወደኔ አልዞሩም። ምስጋና በፊቴ ተናግረውኝ ስለማያውቁ፣ የተናገሩት ስለኔ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ በኋላ ሜዳይ ተሸልሜያለሁ፤ ባለሥልጣን እጄን ጨብጦኛል። ለመቶ አለቃው ልነግረው የፈለግኩት ግን ያን ቀን የሰማሁትን ነበር።

በማግስቱ በጠዋት አዲሱን ግምጃ ቤት ከፈትኩ። ጠመንጃ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ አቧራ፣ ጭቃ፣ ዝገት። እጄን ታጠብኩና ከላይ ካለው ጀመርኩ።